እንግዳ የሚመለስበት ቤት

በአገራችን የእንግዳ ነገር ከጥንት ጀምሮ ታላቅ ነገር ነው። መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ካለው ያካፍለዋል፤ መደቡንም ይለቅለታል። እንግዳውም በበኩሉ ሥርዓት ነበረበት። የቀረበለትን አያንቋሽሽም፤ የቤቱን አቅም ሳይመለከት ጨምሩልኝ አይልም፤ ሲነጋም መርቆ ይሄዳል። እንግዲህ የእንግድነት ወግ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን እንግዳውንም የሚያስር ውል ነበር ማለት ነው።

ዛሬ በየከተማውና በየመንገዱ ሆቴል ስለ ተከፈተ፣ የመሸበት ሰው ደጅ መጥናት ቀርቶለታል። ገንዘቡን ከፍሎ ቁልፉን ይቀበላል። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ገንዘብ በመካከል ሲገባ የውሉ አንድ ወገን የላላ ይመስለናል። የከፈለ እንግዳ የቤቱን ውኃ፣ የቤቱን መብራትና የቤቱን ማገዶ መመልከት ያለበት አይመስለውም፤ «ከፍዬበታለሁ» ይላልና።

በቅርብ ዘመን ደግሞ በውጭ አገርም በእኛም አገር «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚባሉ ሆቴሎችና ሎጆች ተነሥተዋል። እነዚህ ቤቶች እንግዳውን ውኃ ቆጥብ፣ መብራት አጥፋ፣ ፎጣህን ደግመህ ተጠቀምበት ይሉታል። ታዲያ ጥያቄው ይህ ነው፦ ቆጥብ የተባለ እንግዳ ረክቶ ይሄዳልን? ሄዶስ ይመለሳልን? እኛ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የበቃን ሊቃውንት አይደለንም። ነገር ግን የመንግሥት ሥራችን በየአገሩ ስለሚያዞረን በብዙ አልጋ ተኝተናል፤ ካየነውና ከደረሰብን ጥቂቱን ለአንባብያን ልናወጋ ወደድን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሐይቅ ዳር ከተማ በአንድ ትልቅ ሆቴል አደርን። በበሩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሣለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። በአልጋችንም ራስጌ አንዲት ካርድ ተቀምጣ ነበር፤ ምድራችንን ለማዳን ፎጣችንን ደግመን እንድንጠቀምበት፣ ካልቆሸሸም በመስቀያው ላይ እንድናንጠለጥለው በትሕትና ትለምናለች። እኛም ደስ ብሎን ፎጣችንን አንጠለጠልን። ከሥራ ስንመለስ ግን ፎጣው ተወስዶ በአዲስ ተለውጧል። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን በመስኮት ስንመለከት የአትክልቱ ሣር በቀትር ፀሐይ ውኃ ሲጠጣ አየን። በአጥሩ በስተጀርባ ስንዞር የሆቴሉ እጣቢ በቦይ ወደ ሐይቁ ሲወርድ፣ ከዚያው ትንሽ ራቅ ብሎ ሴቶች ቢጫ ጀሪካን አሰልፈው ወረፋ ሲጠብቁ አገኘናቸው።

አልጋው ምቹ ነበር፤ ምግቡም አላስከፋንም። ነገር ግን ልባችን ቅር አለው። የተቀየምነው ቆጥቡ መባላችንን አይደለም፤ ሌላው ሳይቆጥብ እኛ ብቻ በካርድ መለመናችንን ነው እንጂ። ይህ ቅሬታ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ በኋላ በንባብ ተረዳን። ጄይ ዌስተርቬልድ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. ይህችኑ የፎጣ ካርድ አይቶ፣ ሆቴሎች የእጥበት ወጪያቸውን እየቀነሱ ምድርን እናድናለን ማለታቸውን የሚነቅፍበትን ቃል አወጣላት። ቃሉን በእኛ ቋንቋ «አረንጓዴ ቅብ» ብንለው የሚያስኬድ ይመስለናል። ግድግዳው ሳይጠገን ቀለም የተቀባ ቤት ማለት ነው።

ምልክት ሁሉ ውሸት ነው ማለታችን ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. በዴንማርክ እንደ ተጀመረው «ግሪን ኪይ» ያሉ፣ ሆቴሉን መርምረው ምልክት የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። በእኛም አገር ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሆቴሎች በመስፈርት እየተመዘኑ የኮከብ ደረጃ ሲያገኙ አይተናል። ምልክት የሚጠቅመው ግን ከምልክቱ በስተጀርባ ያለው ነገር ሲመረመር ነው።

ደግሞም ነገሩ ቀላል አይደለም። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኀይል አብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለ ሆነ፣ በከንቱ የሚበራ መብራት በከንቱ የፈሰሰ ውኃ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ውኃም ያልቃል። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረርና ለአካባቢው ከተሞች ውኃ ሲያጠጣ ኖሮ፣ በአንድ በኩል መስኖው፣ በሌላ በኩል ደለሉ ተደማምረውበት በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ እስከ መድረቅ ደርሶ ነበር። ከዓመታት በኋላ ውኃው ቢመለስም፣ ጀልባ ይሄድበት በነበረው ስፍራ ከብት ሲሰማራ ያየ ሰው ሐይቅም እንደሚሞት ተምሯል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቤት እንለፍ። ለሥራ ወደ ጋሞ አገር ወርደን ሳለ፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ በላይ ወደ ዶርዜ ተራራ ወጣን። መንገዱ ከቆላ ወደ ደጋ ሲጠማዘዝ፣ አባያና ጫሞ ሐይቆች ከታች ተዘርግተው ይታያሉ። የዶርዜን ቤት ያላየ አንባቢ ቢኖር፣ ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተሸምኖ በቀርከሃና በእንሰት ቅጠል የሚከደን ረጅም ቤት መሆኑን ይወቅ። ፊቱ የዝሆን ራስ ይመስላል። ምስጥ እግሩን ሲበላው ባለቤቶቹ አያፈርሱትም፤ የተበላውን ቈርጠው ቤቱን ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ ቤቱ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ያረጃል። ስፍራ መለወጥ ቢያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ያዛውረዋል። ሲያበቃም ወደ መሬቱ ይመለሳል። ሊቃውንት ስለ አካባቢ ተስማሚ ሕንጻ ብዙ ሳይጽፉ በፊት የዶርዜ ሰው ሠርቶት ይኖርበት ነበር።

ያረፍንበት ሎጅ በዚሁ ዓይነት የተሠሩ ጥቂት ቤቶች ያሉት ትንሽ ግቢ ነው። በደጁ አረንጓዴ ሰሌዳ አልነበረም። ባለቤቱ ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት አስቀመጡንና እንዲህ አሉን፦ «ውኃችን ከምንጭ በአህያ ነው የሚመጣው። ለአንድ እንግዳ በቀን ሁለት ጀሪካን መድበናል። የሚሞቀው በፀሐይ ነው፤ ደመና ከሆነ ይቀዘቅዛል። ይህ የማይስማማው እንግዳ አርባ ምንጭ ወርዶ ቢያድር አንቀየምም።» እኛም ይስማማናል ብለን ገባን። አፋችን ተስማምቶ ነበር፤ ልባችን ግን ገና አልሰማም።

የዚያን ቀን አቧራ ስንጠጣ ውለናል፤ የደጋው ብርድም ጀምሯል። የመታጠቢያውን በር ዘግተን ቧንቧውን ስንከፍት ውኃው ለብ ያለ ሆኖ አገኘነው። ምን እንላለን? ሳሙና ስንቀባ አልዘጋነውም፤ ጥርሳችንን ስንፋቅም አልዘጋነውም። ሙቀቱ ትከሻችንን ሲያፍታታው ባለቤቱ የነገሩንን ረሳነው፤ እውነቱን ለመናገር አልረሳነውም፤ «ከፍለንበታል» አልን። በመጨረሻ ሮቶው አጉረመረመና ውኃው ተቋረጠ። እኛም እራታችንን ቆጮ በማርና በዳጣ በልተን ደኅና እንቅልፍ ተኛን።

ሲነጋ ከቤት ብንወጣ፣ በጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት ከአህያ ላይ ጀሪካን ስታወርድ አየን። ሁለት የውጭ አገር እንግዶች ከአንዲት ጣሳ ተራ በተራ ውኃ እየተቃዱ ፊታቸውን ይታጠባሉ። ለካስ ሮቶው የእኛ ብቻ አልነበረም። ሴትዮዋ የቤቱ ሠራተኛ ነበረች። ባየችን ጊዜ ጀሪካኑን አስቀምጣ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ማታ ውኃው አልቆብዎ ይሆናል። ዛሬ አሟልተን እንሞላዋለን» አለችን። እኛም «ምንም አይደለም» ብለን መለስን።

አንባብያን ሆይ፣ ይቅርታ መጠየቅ የሚገባን እኛ ሆነን ሳለ፣ ይቅርታን እንደ ጌታ ተቀብለን አለፍን። በሥራ ዘመናችን በአለቃ ፊት ተወቅሰን እናውቃለን፤ እንደዚያች ጠዋት ግን ማንም ሳይወቅሰን አፍረን አናውቅም። በዚያው ቀን ማታ በአንድ ጀሪካን ታጠብን፤ በቃን። ሁለተኛው ጀሪካን ሳይነካ አደረ።

በዚያ ቤት ሦስት ቀን ስንሰነብት አንድ ነገር አስተዋልን። ባለቤቱም ልጆቻቸውም ከእኛ በሚያንስ ውኃ ይታጠቡ ነበር። የወጥ ቤቱ እጣቢ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄድ ነበር። በአልጋው ላይ የተነጠፈው ጋቢ ከጎረቤት ሸማኔ የተገዛ ነበር። ማንም አላስተማረንም፤ ማንም በካርድ አልለመነንም። ቤቱ ራሱ የሚኖርበትን ሥርዓት እኛም እንድንኖርበት ጠየቀን እንጂ። ለዚህ ነው ያመንነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም ወደዚሁ የሚጠጋ ነገር አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ጎልድስታይን፣ ቻልዲኒና ግሪስኬቪሲየስ የተባሉ ምሁራን በአንድ የአሜሪካ ሆቴል የተለያየ ቃል የተጻፈባቸውን የፎጣ ካርዶች አስቀምጠው የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። «አካባቢን ለመጠበቅ ይርዱ» የሚለውን ካነበቡት እንግዶች ከመቶ 35 ያህሉ ፎጣቸውን ደግመው ተጠቀሙበት። «ከእንግዶቻችን አብዛኞቹ ደግመው ይጠቀሙበታል» የሚለውን ካነበቡት ግን ከመቶ 44 ያህሉ እንዲሁ አደረጉ። ሰው ብቻውን ከሚለመን ይልቅ ሌላው ሲያደርግ ቢያይ ይከተላል ማለት ነው። እኛም በዶርዜ ያየነው ይህንኑ ነው።

ስለ እርካታም የሚባል አለ። ሪቻርድ ኦሊቨር የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. እንዳብራራው፣ ሰው የሚረካው ወይም የሚከፋው ያገኘውን ነገር ከጠበቀው ጋር አመዛዝኖ ነው። በሐይቁ ዳር ሆቴል የተገባልን ቃል ትልቅ፣ ያየነው ግን ትንሽ ነበር። በዶርዜ የተነገረን ትንሽ፣ ያገኘነው ግን ከተነገረን የበለጠ ሆነ። ብርዱን አስቀድመው ስለ ነገሩን ብርዱ አላስከፋንም።

መመለስ ደግሞ ከእርካታ የተለየ ነገር ነው። በአንድ ከተማ አንድ ሆቴል ብቻ ካለ፣ እየተማረረም የሚመለስ እንግዳ አለ። እንደ እኛ ያለው የመንግሥት ሠራተኛም በውሎ አበሉ ልክ ይመለሳል። ይህ ደንበኝነት አይባልም። እውነተኛው ደንበኛ በገዛ ኪሱ፣ ሌላ መንገድ እያለው፣ ቤተሰቡን ይዞ የሚመለስ ነው።

ይህን ሁሉ ካሰብን በኋላ ፈተናው ወደ እኛው መጣ። መሥሪያ ቤታችን ዓመታዊ የግምገማ ስብሰባውን ለአርባ ሰዎች ለሦስት ቀን ከከተማ ውጭ ለማድረግ አስቦ፣ ስፍራ የሚመርጥ የሦስት ሰዎች ኮሚቴ አቋቋመ፤ እኛም ጸሐፊ ሆነን ተመረጥን። በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ አካባቢን ስለ መጠበቅ አንድ ዐረፍተ ነገር ስለ ነበረች፣ የኮሚቴው አባላት አረንጓዴ ሰሌዳ ወደ ተሰቀለበት ወደዚያው የሐይቅ ዳር ሆቴል አዘነበሉ። እኛ ደግሞ ልባችን ወደ ዶርዜ አዘነበለ።

ነገር ግን እርሳስና ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። አርባ ሰው በቀን ሁለት ሁለት ጀሪካን ቢጠቀም ሰማንያ ጀሪካን ይሆናል፤ በሦስት ቀን ሁለት መቶ አርባ ነው። አንድ አህያ አራት ጀሪካን ቢጭን፣ ስድሳ ምልልስ ያስፈልጋል። አርባችንም እንደ መጀመሪያው ማታችን ብንሆንስ? የመንደሩ ሰው ከዚያው ምንጭ ይጠጣል። የወደድነውን ቤት በፍቅራችን ልናደርቀው እንደ ነበር ገባን። ስለዚህ ዶርዜን ከዝርዝሩ ሰረዝነው። በኮሚቴ ሥራ ዘመናችን አንድን ስፍራ ስለ ወደድነው ስንሰርዘው ይህ የመጀመሪያችን ነው።

ከዚያም አምስት ጥያቄዎችን ጽፈን ለአራት ሆቴሎች አቀረብን። ውኃችሁ ከወዴት ይመጣል፤ ሌላስ ማን ይጠጣዋል? እጣቢያችሁና ቆሻሻችሁ ወዴት ይሄዳል? ወጥ ቤታችሁ በምን ይነዳል? ሠራተኛውና አትክልቱ ከወዴት ነው? ገና ያላሟላችሁት ነገር ምንድን ነው?

የሐይቅ ዳሩ ሆቴል ለአምስተኛው ጥያቄ «ምንም የቀረን የለም» ሲል መለሰ። በአንዲት መካከለኛ ከተማ ያለ፣ ሰሌዳም የሌለው ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ግን ለአምስተኛው ጥያቄ ከአራቱ ይልቅ ረጅም መልስ ሰጡ። የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ያላቸው ከክፍሎቹ ግማሹ ብቻ ናቸው፤ እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋገርም ለቡና ከሰል ይጠቀማሉ፤ እጣቢው ተጣርቶ ወደ ሙዝ ተክል ይሄዳል፣ የላስቲክ ጠርሙሱን ግን የሚወስድላቸው አላገኙም። «ይህን ካወቃችሁ በኋላ ብትመጡ ደስ ይለናል» ብለው ፈረሙ።

እኛም ይህን ሆቴል ደግፈን ማስታወሻ ጻፍን። ከኮሚቴው አባላት አንዱ «ጉድለቱን በገዛ እጁ የጻፈ ሆቴል እንዴት ይመረጣል?» ሲሉ ተከራከሩ። ያልጻፉትስ ጉድለት የላቸውምን ብለን መለስን። ማስታወሻው ወደ ኀላፊያችን ተመራ። ሲመለስ ተፈቅዷል፤ በጠርዙም ላይ በቀይ ቀለም «አምስተኛው ጥያቄ ለእኛም መሥሪያ ቤት ይቅረብ» የሚል ተጽፎበታል። በኮሪደራችን ያለው ቧንቧ ሲንጠባጠብ የከረመ መሆኑን ያን ጊዜ ሁላችንም አስታወስን። ያሠራነው በሳምንቱ ነው።

ስብሰባው ተደረገ። በሁለተኛው ማታ ሙቅ ውኃ ለግማሾቻችን አልደረሰም። አስቀድሞ ተነግሮን ስለ ነበር አብዛኛው ሰው ሳቀበት፤ ሦስት ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው ቀን አጉረመረሙ፤ ዛሬም ሲያገኙን ያነሡብናል። ሰውን ሁሉ የሚያረካ ቤት አልተሠራም። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ግን በፋሲካ ቤተሰባቸውን ይዘው በገዛ ገንዘባቸው ወደዚያው ሆቴል መመለሳቸውን ነገሩን፤ ይህም ከማስታወሻችን ይልቅ የሚመሰክር ሆኖ አገኘነው።

እኛም በበኩላችን ከባለቤታችንና ከልጆቻችን ጋር በዕረፍት ጊዜያችን ወደ ዶርዜ ወጣን። አበል አልነበረንም። ያችን ሴት በግቢው ውስጥ አገኘናት፤ እኛም የዚያን ማታ ውኃውን የጨረስነው እኛ መሆናችንን፣ ይቅርታዋንም ያለ አግባብ መቀበላችንን በልጆቻችን ፊት ነገርናት። እርስዋም ፈገግ ብላ፣ «አውቄያለሁ ጋሼ፤ ሮቶው ይናገራል። ውኃ የጨረሰ ሁሉ ግን አይመለስም፤ እርስዎ ተመለሱ» አለችን።

እንግዲህ ሆቴል ያላችሁ ወገኖቻችን፣ እንግዳችሁን ቆጥብ ለማለት አትፍሩ፤ ብቻ እናንተም ቆጥቡ፤ የጎደላችሁንም አስቀድማችሁ ንገሩት። በየመሥሪያ ቤቱ ስፍራ የምትመርጡ ባልደረቦቻችን፣ ከሰሌዳው በፊት ቦዩን ተመልከቱ። መምህራንም ለተማሪዎቻችሁ፣ የከፈለ እንግዳም እንግዳ መሆኑን አስተምሩልን። ምንጩ የሆቴሉም አይደለም፤ የእንግዳውም አይደለም፤ እኛ ከሄድን በኋላ ከዚያ የሚቀዳው የመንደሩ ሰው ነውና።